ዛሬ ማን ተወለደ?

ታኅሣሥ 5 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ አዋሳ

እትዬ እህተማርያም ዛሬ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን እንጀራሽን ይበላብሻል" አሉኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናቸው፣ አፋቸው ከኔ አያንስም፣ ግን እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ነው። እሺ። እንጀራዬን ከሚበላብኝ ወረቀት ይብላ ብዬ ይሄን ደብተር ጀመርኩ። አፌ ላይ የመጣውን እዚህ አራግፋለሁ።

ስሜ ታቢታ ነው። የከተማው ማንበቢያ ቤት ረዳት ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ አቆምኩ፣ የቀረውን ከመደርደሪያ ነው የተማርኩት፣ አቧራ ስጠርግ እየገለጥኩ። እዚህ ቤት ካለው መጽሐፍ ያላነበብኩት ካለ የጠፋው ነው። ማንም ግን ምን አነበብሽ ብሎ አይጠይቀኝም፤ ሰርተፍኬትሽስ ነው የሚሉኝ።

ጥግ ላይ ግራማፎን አለን። ከተወረሰ ቪላ የመጣ ነው፣ ከአንድ ሳጥን ሸክላ ጋር። ስንት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ኖረ። ጨርቁን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ቀስ በቀስ ከወዳጅ አገሮችም ሸክላ መጣልን። የወረቀት ልባሳቸው ላይ የሙዚቀኛው ታሪክ አለ፣ የት ተወለደ፣ መቼ ተወለደ። የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ወርና ቀን ለማንበብ አያንስም። ካርቶን ቆረጥኩና በቀይ ቀለም "ዛሬ ማን ተወለደ?" ብዬ ሰቀልኩ። በሳምንቱ የተወለደ ካለ እሁድ ከሰዓት ሸክላው ይጫወታል፣ ከሱ ጋር የሚሄድ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። መራጯ እኔ።

አዲሱ ኃላፊ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ዛሬ ካርቶኑ ፊት ቆሞ ብዙ አየ። ምንም አላለም። ዝም የሚል ሰው አልወድም።

ታኅሣሥ 11

ቸኩያለሁ። የምሥራቅ ጀርመኗ ፒያኖ መቺ ሄልጋ ቡርክዶርፍ ተወለደች። ከሷ ጋር ያስቀመጥኩት የንብ እርባታ መጽሐፍ። ምን አገናኘው የሚል ቁጭ ብሎ ጣቶቿን ይስማ፣ ቀፎ ሲከፈት እንደሚወጣው ነው። አንዱ የታቦር ሰፈር ሰውዬ፣ ግብርና ቢሮ የሚሠራ፣ ሰምቶ ሲያበቃ መጽሐፉን ተዋሰ። አየሽ ታቢታ።

ታኅሣሥ 18፣ እሁድ ማታ

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር፣ ሳልጽፍ አልተኛም። የቡልጋሪያዋ ዝላትካ ዶብረንስካ ልደት ነው፣ የሴቶች ኅብረ ድምፅ መሪ። ልባሱ "18 ዲሴምበር" ይላል፣ እኔም ታኅሣሥ 18 ሰቀልኳት። ያለ መሣሪያ ነው የሚዘፍኑት፣ በባዶ ጉሮሮ፣ አንዱ ድምፅ ባንዱ ላይ ተነባብሮ። ከሷ ጋር ያስቀመጥኩት ስለ ሽመና የሚያወራውን መጽሐፍ ነው። ይሄን ለማስረዳት አፌን አላደክምም። የሰማ ያውቃል።

ወንበር አልበቃም። ያ የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እሁድ ከሰዓት የሚገባበት የጠፋው ሰው ብዙ ነው። እኔ ማንንም አልጠራሁም፣ በራሳቸው እግር መጡ። ልብስ ሰፊዋ ሙሉጌጥም መጣች፣ ድሮ ስንዘምር በግራዬ የምትቆመዋ። ሸክላው ሲገለበጥ ከበስተኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ከግራማፎኑ ያልሆነ። ዞር ስል ሙሉጌጥ አፏን ገጥማ ወለሉን ታያለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ ተጨመረ። ከዚያ ሌላ። ከንፈሩን የከፈተ ሰው የለም። እኔም አልከፈትኩም። እኔ ጉሮሮዬን ነው የጠረግኩት፣ አቧራ አለበት ቤቱ።

ሙክታርም ነበር። ሙክታር መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ግራማፎኑን የሚያክምልን እሱ ነው። ሰው ሲወጣ ቀርቶ "መርፌው ዛሬ ጥሩ ነው" አለኝ። መርፌው ሁልጊዜም ጥሩ ነው። በየእሁዱ የመርፌ ጤና ሊጠይቅ ለምን እንደሚመጣ አይገባኝም። ደሞ ጫማውን ጠርጎ። ሥራ የለውም እንዴ።

ታኅሣሥ 21

ጓድ ቢሮ አስጠራኝ።

"እሁድ እሁድ የሚሰበሰቡት እነማን ናቸው?"

"አንባቢዎች ናቸው፣ ጓድ።"

"መጽሐፍ የያዘ አላየሁም።"

"የንቡ መጽሐፍ እኮ ወረፋ ተይዞለታል። እርስዎም ከፈለጉ ላስመዝግብዎት።"

ይሄን ባልልስ ምን ነበረበት። በቃ ከአፌ ወጣ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ልደት ማክበር ግለኝነት ነው፣ የከበርቴ ልማድ ነው፣ ሰው ሁሉ በሥራው እንጂ በመወለዱ አይመሰገንም አለኝ። እውነቱን ለመናገር የመጨረሻዋ አባባል አልከፋችኝም። የባሰው ከዚያ መጣ። የቀበሌው አዳራሽ ግራማፎኑን ጠይቋል፣ በበዓላት ማርሽ ሊያጫውቱበት። "የካቲት 29 ጋሪ ይመጣል" አለ። "እስከዚያ ጥቅሙን ካሳየሽኝ እናያለን።"

በሩን ዘግቼ ስወጣ ስልክ አነሳ። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፣ በሩ ስስ ነው። "አዎ፣ የዚያ የታሸገው ቤት ሰዎች ናቸው። አይ፣ እስካሁን ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት።"

ምን ማለቱ ነው። እኛ ሙዚቃ ወዳዶች ነን።

ታኅሣሥ 29

ገና። ቤቱ ዝግ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ ገባሁ። ጨርቁን ገልጬ አየሁት። አላጫወትኩም። መልሼ አለበስኩትና ሐይቅ ዳር ወርጄ አባ ኮዳ ወፎቹ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሲጣሉ አየሁ። እነሱም እንደኔ ናቸው፣ የድርሻቸውን በጩኸት ነው የሚወስዱት።

ጥር 7

ለሚቀጥለው ሳምንት እሁድ፣ ለጥር 16፣ ኩባዊውን ጊታር መቺ ኤውሴቢዮ ላራንሳን አዘጋጅቻለሁ፣ ልደቱ ሰኞ ጥር 17 ይውላል። ከሱ ጋር የሸንኮራ አገዳ አተካከል። ጓድን ራሱን ጋበዝኩት። ይምጣና ጥቅሙን ይይ። እትዬ እህተማርያም "ጅብን ለቅርጫ?" አሉኝ። ይምጣ ብያለሁ።

ጥር 16፣ እሁድ ማታ

መጣ።

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ጓድ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጊታሩ ተጫወተ፣ እኔም ስለ ኩባና ስለ አገዳ ተናገርኩ፣ ጥሩ ነበር የተናገርኩት፣ ሰው ስቆ ነበር። ከዚያ ጓድ ልባሱን አነሳና አገላብጦ አየ። አይቶም ቀና አለ።

"ታቢታ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?"

"17 ጃንዋሪ።"

"ጃንዋሪ ምንድነው?"

"ጥር ነዋ።"

"17 ጃንዋሪ ጥር 9 ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ። "ሰውዬው ባለፈው ሳምንት ተወልዶ ጨርሷል። ያቺ ቡልጋሪያዊትስ? ዲሴምበርን ታኅሣሥ ብለሽ ነው? ጀርመኗንስ?"

መጀመሪያ የሳቀው የግብርና ቢሮው ሰውዬ ነው። ከዚያ ሁሉም። ሙሉጌጥ እንኳን በነጠላዋ አፏን ያዘች። የፈረንጅ ወር የኛ ወር መሀል ላይ እንደሚገባ ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ። መስከረም አንድን ፈረንጆቹ አሥራ አንድ እንደሚሉት እያወቅኩ፣ ስሙን ብቻ አይቼ ወሩን ከነቀኑ እንዳለ ገለበጥኩት። የንባቤ ብዛት የት ሄዶ ነው? ሦስት ሰው ያለ ቀኑ ወለድኩ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ቆሜ ስለ ልደታቸው ዲስኩር አደረግኩ።

ጓድ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። "ለሕዝብ የተሳሳተ መረጃ ሰጥተሻል" አለ። "ከእንግዲህ የውጭ ሰው ልደት የለም። ካስፈለገ የአገራችን አርቲስት፣ የትውልድ ቀኑ በማስረጃ የተረጋገጠ።"

ሙክታር ሰው ሲወጣ ቀረ። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ "እኛ ቤት ሦስት አቆጣጠር አለ፣ የናንተ፣ የፈረንጅ፣ የኛ። እኔ እስከዛሬ ረመዳን በገባ ቁጥር እናቴን ነው የምጠይቀው" አለኝ። ስለ መርፌው ምንም አላለም።

ጥር 17

ማስረጃ። በዚህ አገር። ለአርቲስት። ልጅ ሲወለድ ማን ጻፈው?

ጥር 20

ጋሽ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄድኩ። መናኸሪያ ጀርባ የሚኖሩት፣ ድሮ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት የሚነፉት። ሳጥናችን ውስጥ የሳቸው ሸክላ አለ፣ ልባስ የለውም፣ መሀሉ ላይ ስማቸው በትንሹ ተጽፎ። በረንዳ ላይ የብስክሌት ጎማ ውኃ ውስጥ ነክረው ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

"ጋሼ፣ መቼ ነው የተወለዱት?"

"ምነው፣ ሊከሱኝ ነው?"

"ልደትዎን ልናከብር ነው።"

"የኔን?" ጎማውን ለቀቁት። "ልጄ፣ እኔ ልደት የለኝም። እናቴን ጠይቄያት ነበር። 'ላሟ በወለደች ማግስት ነው' አለችኝ። ላሟስ መቼ ወለደች ብላት 'አንተ በተወለድክ ዋዜማ' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።"

"ቀበሌ ምን ብሎ ጻፈልዎት?"

"ጸሐፊው ለማያውቅ ሁሉ መስከረም አንድ ነው የሚጽፈው። ይሄ ሰፈር በሙሉ መንታ ነው" ብለው ሳቁ። ከፊት ጥርሳቸው አንዱ የለም። "አንቺስ መቼ ነው?"

እናቴ "ቡና ሲለቀም" ነው የምትለው። ሌላውን ሁሉ ስወልድ ከርሜ የራሴን አላውቀውም።

ከመሄዴ በፊት ጋሼ አንድ ነገር አሉኝ። "ያ አለቃሽ እነዚያን ፈረንጆች ያለ ቀናቸው አከበርሽ ብሎ ተቆጣ አሉ። በኔ ላይ ግን ሊሳሳት የሚችል የለም። በየትኛውም ቀን ብታከብሩኝ ልክ ናችሁ።"

መንገዱን ሁሉ ይሄን እያልኩ መጣሁ። በየትኛውም ቀን ልክ ናችሁ። ጋሪ ሊገጨኝ ነበር።

የካቲት 3

የሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ተናገርኩ። ሲመሽ ረስቼው እንዳላድር አሁን ልጻፈው።

እጄን አወጣሁ። "ጓድ ሰብሳቢ፣ ሰው ብቻውን ሲወለድ ግለኝነት ነው ብለውናል። ተቀብያለሁ። ታዲያ በኅብረት ብንወለድስ?"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ ጓድ።

"እዚህ ቤት የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ እጁን ያውጣ።"

ማንም። እትዬ እህተማርያም ብቻ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አነሱ። "እኔ ማርያም ዕለት ነኝ።"

"በየትኛው ወር፣ እትዬ?"

"እሱን እሷው ታውቃለች።"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳላስበው ወደ ጓድ ዞርኩ። ይሄ ምላሴ። "እርስዎስ?"

መልስ አይሰጠኝም ብዬ ነበር። እሱ ግን እንደተዘናጋ ሰው "ገብስ ሊታጨድ ሲል" አለ። "አንበጣ የመጣ ዓመት።"

"የመጀመሪያው አንበጣ ነው ወይስ የሁለተኛው?" አሉ የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከኋላ።

"ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የመጣው?"

"ሦስት ጊዜ" አለ ሌላው። "ሦስተኛው ግን የበላው በርበሬውን ብቻ ነው።"

"አንበጣ በርበሬ አይበላም።"

"የኛ አገሩ ይበላል።"

ጓድ ወደ አጀንዳው እንመለስ አለ፣ ደጋግሞ አለ፣ ግን ቤቱ አንበጣ ላይ ነበር። እኔ ሰው እስኪጨርስ ጠበቅኩና ሐሳቤን ዘረጋሁ። ልደት የሌለው ሁሉ ባንድ ቀን ይወለድ። ጋሽ ወልደአማኑኤል የኛው አርቲስት ናቸው፣ በሳቸው እንጀምር። ለመጣ ሁሉ አንድ ዜማና አንድ መጽሐፍ እመርጥለታለሁ።

"ማስረጃውስ?" አለ ጓድ።

"ማስረጃው ሰዎቹ ናቸው። ተወልደዋል። ይታያሉ።"

ከንፈሩን ነከሰ። ሊስቅ ነበር፣ ምያለሁ። ከዚያ ፊቱን መለሰና "ልደቱን አክብሩ። ግራማፎኑ ግን በቀኑ ይሄዳል፣ ደብዳቤው ወጥቷል" አለ።

እሁድ የካቲት 21 ተባለ። ቀኑን የመረጡት እትዬ እህተማርያም ናቸው። ለምን 21 እንደሆነ ጓድ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነውም።

የካቲት 15

ሥራ። ሥራ። ስም እየመጣ ነው። ሾፌር፣ ነርስ፣ ዓሣ ሻጭ። ለዓሣ ሻጯ የትኛው መጽሐፍ? የባሕር ጉዞው። አይ፣ ዓሣ ከበቃት። የተራራ መውጣቱ። ሙክታር ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ፣ ሳልጠይቀው። "ለኔ ምን መረጥሽ?" አለኝ። ገና ነኝ አልኩት። ገና አይደለሁም፣ ቀድሜ የመረጥኩት የሱን ነው። ለዜማ ሁለት ቀን አሰብኩ። ሥራ ስለሆነ ነው።

የካቲት 21፣ በጣም ማታ

ከየት ልጀምር።

ሰው ከደጅ ጀምሮ። ብስክሌቱ አጥር ሙሉ። እየተጠሩ ይቆማሉ፣ ስም፣ እናት የነገረችው፣ ዜማ፣ መጽሐፍ። "ጎርፉ ድልድዩን በወሰደ ማግስት።" "አባቴ ከእስር በተፈታ ሰሞን።" "የጎረቤት ሠርግ ላይ፣ ሙሽራዋ ነች ያዋለደችኝ።" እንዲህ ያለ ልደት የትኛው ሸክላ ልባስ ላይ አለ? አንብቤ አላውቅም። ቀን ቆጥሮ የሚወለድ ሰው ያሳዝነኝ ጀመር።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ኮት ለብሰው መጡ፣ ትራምፔታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው። የራሳቸውን ሸክላ አጫወትኩ፣ እሳቸውም አብረው ነፉ፣ ሽማግሌው ሸክላው ውስጥ ካለው ወጣት ራሳቸው ጋር። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ጥርሱ በሌለበት በኩል ነፋሱ አመለጣቸው። ትራምፔቱን ከከንፈራቸው አወረዱና ወደ ግራማፎኑ በአገጫቸው አመለከቱ፣ ይሄን አንተ ጨርሰው እንደማለት። ልጁ ጨረሰላቸው። ዝቅ ሲል እንደገና ገቡ።

ለሙሉጌጥ ቡልጋሪያዎቹን ሰጠሁ። ያው የኛ ሰዎች አፋቸውን ገጥመው ያንጎራጉራሉ፣ ከበፊቱ ጮክ ብለው። ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ሲሄድ እነሱ አላቆሙም። ዜማውም ሌላ ሆኗል። የቡልጋሪያ አልነበረም። እኔ ማስቆም ነበረብኝ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው። ጉሮሮዬን ስጠርግ ቆየሁ።

ጓድ ጥግ ቆሞ ነበር። ሲያልቅ ወደኔ መጣ።

"ለኔስ ምን መረጥሽ?" አለ።

አልመረጥኩም። ለዓሣ ሻጯ፣ ለዘበኛው፣ ለማውቀው ለማላውቀው ሁሉ መርጬ እሱን ሰው ብዬ አልቆጠርኩትም። ወደ መደርደሪያው ሄድኩና እጄ ያገኘውን ይዤ መጣሁ። የአንበጣ መከላከያ መመሪያ። አየው፣ አየኝ። ሳቀ፣ በድምፅ፣ ጥርሱ ታየ። ከዚያ ቡልጋሪያዎቹን ድገሚልኝ አለ። "ሶፍያ ስማር ክረምቱን በሙሉ ከጎረቤቴ ክፍል እሰማቸው ነበር። የማወራው ሰው አልነበረኝም።" ቆሞ ሰማ። ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዜማውን ከሸክላው ጋር አብረው ያቁሙ በያቸው" አለኝ። "ሸክላው ሲያልቅ እነሱም ያብቁ።"

አልተቆጣም። የሚያስጠነቅቅ ሰው ድምፅ ነበር፣ የሚያስፈራራ አልነበረም። ልዩነቱን አውቃለሁ፣ ሁለቱንም ብዙ ሰምቻለሁ።

የካቲት 28

ነገ ጋሪው ይመጣል። ጓድ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩም። ልመና አልችልበትም፣ ልመና ጀምሬ ስድብ ላይ ነው የምጨርሰው። ሙክታር ገመድና ብርድ ልብስ አምጥቷል፣ በመንገድ እንዳይንገጫገጭ። እንዲህ ያለ ነገር ለምን ያስለቅሳል።

የካቲት 29

ጠዋት ገብቼ የመጨረሻዬ ነው ብዬ ጊታሩን አስቀመጥኩ፣ ያንን ያለ ቀኑ የወለድኩትን ኩባዊ። ይቅርታዬ ነው። ቤቱ እንዳለ ይሰማል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ጋሪው ደጅ ቆመ። ባለ ጋሪው ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ ጓድም ከቢሮ ወጣ።

"ግራማፎን ውሰድ ተብዬ ነው።"

ጓድ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፣ አገላብጦ አነበበ፣ የሌለበትንም አነበበ። "ተበላሽቷል" አለ።

ባለ ጋሪው ወደ ጥጉ አየ። ጊታሩ ይጫወታል።

"የቱ ነው የተበላሸው?"

"ያው እሱ።"

"ይሄ የሚዘፍነው?"

"ጠጋኙን ጠይቅ" አለ ጓድ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሙክታር ገመዱን እንደያዘ ቆሟል። አንዴ ጓድን አየ፣ አንዴ እኔን። እንዲህ ያለ ኮስታራ ፊት እንዳለው አላውቅም ነበር። "መርፌው በሽተኛ ነው" አለ። "ከዚህ ቤት ከወጣ አንድ ቀን አያድርም።"

"ለአዳራሹ እንዲህ ብለህ ንገራቸው" አለ ጓድ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ መስመር ጻፈበት፣ ፈረመበትና መለሰለት። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። አመሰግናለሁ ለማለት እንኳን አላደረሰኝም። ደግሞ እኮ ያናድዳል።

ባለ ጋሪው አልሄደም። ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፣ ፈረሱ በመስኮት መታየቱን አረጋገጠ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና የመጀመሪያው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እስኪያልቅ ልጠብቅ" አለኝ። "ለተበላሸ ነገር ጥሩ ይጫወታል።"